በተዘጋ መንገድ ፊት፤ ስለ እግዚአብሔር መሪነትና ጥበቃ የተጻፈ ትምህርት

አንባቢ ሆይ፥ ከደብረ ብርሃን ተነሥተህ ወደ አንኮበር ሄደህ እንደ ሆነ ጉሙን ታውቀዋለህ። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ከሚሆነው ከዚያ መንገድ አብዛኛው በሜዳና በገብስ እርሻ መካከል ያልፋል፤ ነገር ግን ከገደሉ አፋፍ በደረስህ ጊዜ ከቈላው የሚወጣው ጉም ድንገት ይከብብሃል፥ ፊት ለፊት ያለውንም ሸንተረር ይሸፍንብሃል። በዚያን ጊዜ በእግሩ የሚሄድ ሰው የሚያየው የሚቀጥሉትን ጥቂት እርምጃዎች ብቻ ነው። የአገሩ ሰው ግን ስለዚህ ከመንገድ ዳር አይቀመጥም። መንገዱ እንዳልጠፋ ያውቃልና የሚታየውን ያህል ይራመዳል፤ ያን በተራመደ ጊዜም ሌላ ጥቂት ይገለጥለታል።

መዝሙረኛው የእግዚአብሔርን ቃል ለእግር ከሚሆን መብራት ጋር ያስተያየው (መዝ. 119፥105፤ በግዕዙ ቍጥር 118) ይህን የመሰለ ነገር ዐውቆ ይመስለኛል። የጥንት መብራት የዘይት መብራት ነበረ፤ ብርሃኑም ከአንድ ወይም ከሁለት እርምጃ አያልፍም ነበር። እኛ ግን የምንሻው ይህን አይደለም። የምንሻው ተራራውንና ሸለቆውን ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚገልጥ ፀሐይ ነው። ተማሪው ሳይፈተን ውጤቱን፥ ነጋዴው ጭነቱን ሳያነሣ ትርፉን፥ ልጃገረዲቱም ሳትታጭ የትዳርዋን ፍጻሜ ለማወቅ ይመኛሉ። እግዚአብሔር ይመራኛል ስንልም ብዙ ጊዜ በልባችን ያለው፥ የሚመጣውን ሁሉ አስቀድሞ ይነግረኛል የሚል አሳብ ነው። ነገር ግን መሪ ማለት አብሮ የሚሄድ ነው እንጂ የጕዞውን ታሪክ ጽፎ ሰጥቶ የሚመለስ አይደለም።

ይህ ምኞት ሳይታረም የቀረ እንደ ሆነ ሰውን ወደ ኮከብ ቈጣሪ ደጅ ያደርሰዋል። ኮከብ ቈጣሪው የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደል ቈጥሮ፥ አካፍሎ፥ የተረፈውን ቍጥር በአውደ ነገሥት ይፈልግለታል። ይህን በቀን የሚነቅፈው ሰው ብዙ ነው፤ ልጅ በታመመበት ወይም ክስ በጠነከረበት ማታ ግን ነጠላውን ተከናንቦ የሚሄደው ያው ነቃፊው ነው። መጽሐፍ ይህን ሥራ አጥብቆ ይከለክላል (ዘዳ. 18፥9–14)። ከክርስቲያኖችም ወገን መጽሐፍ ቅዱስን ዐይኑን ጨፍኖ ገልጦ፥ ጣቱ ያረፈበትን ቃል እንደ ዕጣ የሚወስድ አለ። መጽሐፉ ተለውጦ ይሆናል፤ ልቡ ግን ያው አውደ ነገሥት የሚገልጠው ልብ ነው።

ምልክት ከሰማይ ቢሰጥስ ትል ይሆናል። ስለዚህ ነገር የደብረ ብርሃንን ስም ታሪክ ላስታውስህ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ።) ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ፥ ለመስቀልና ለእመቤታችን ማርያም አንሰግድም ያሉትን የአባ እስጢፋኖስን ተከታዮች በጽኑ ቅጣት ቀጡ፥ በድንጋይም አስወገሩአቸው። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው ከዚህ በኋላ ብርሃን ከሰማይ ወርዶ በዚያ ስፍራ ታየ፤ ንጉሡም እግዚአብሔር በሥራዬ ደስ ተሰኝቶአል ብለው በስፍራው ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፥ ከተማቸውንም በዚያ አደረጉ፥ ስሙንም ደብረ ብርሃን አሉት። ከታሪክ ሊቃውንት አንዳንዶቹ ያ ብርሃን በ1456 የታየው፥ ዛሬ የሃሌ ኮከብ የሚባለው ጅራታም ኮከብ ይሆናል ይላሉ።

ኮከብም ይሁን ሌላ፥ በዚህ አልከራከርም። ይልቁንም ይህን ልብ በል፤ ብርሃኑ የታየው ፍርዱ ከተፈጸመ በኋላ ነው። የብርሃኑንም ትርጕም የተናገረው ብርሃኑ አይደለም፥ ሰው ነው። ከሟቾቹ ወገን አንድ ሰው ተነሥቶ፥ ይህ በደማቸው ላይ የወረደ ክብር ነው ቢል ኖሮ በምን ይረታ ነበር? ሰው የወደደውን አድርጎ ካበቃ በኋላ ወደ ሰማይ የተመለከተ እንደ ሆነ፥ ሰማዩ ብዙ ጊዜ የሚነግረው ልቡ አስቀድሞ የተናገረውን ነው። እኛም ምንም እንኳ ንጉሥ ባንሆን ይህን በትንሹ እናደርገዋለን። የምንወደው ሥራ የተሳካ እንደ ሆነ እግዚአብሔር በሩን ከፈተልኝ እንላለን፤ የሌላው ሰው ሥራ የተሳካ እንደ ሆነ ግን በጕቦ ነው እንላለን።

አሁን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር እንውረድ። በ1839 ኢዘንበርግና ክራፕፍ የሚባሉ ሁለት የጀርመን አገር ሰዎች በእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን የሚስዮን ማኅበር ተልከው፥ ከታጁራ ወደብ ተነሥተው የአፋርን በረሃ አቋርጠው ወደ ሸዋ ወጡ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ተቀበሉአቸው። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ተመለሰ፤ ክራፕፍ ግን ብቻውን ቀርቶ እስከ 1842 ድረስ በንጉሡ አገር ተቀመጠ። የልቡ አሳብ ኦሮምኛን ተምሮ ወንጌልን ለኦሮሞ ሕዝብ ለማድረስ ነበረና ከወንጌሉ ክፍል መተርጐም ጀመረ።

ይዞት የመጣው የአማርኛ ወንጌልም የራሱ ታሪክ ነበረው። የተረጐመው አቡ ሩሚ የሚባል፥ ከጎጃም የወጣ መነኵሴ ነው። ይህ ሰው ብዙ አገር ከዞረ በኋላ በካይሮ ታሞ ወድቆ ሳለ አንድ የፈረንሳይ ቆንሲል አስታመመው፤ ከዳነም በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሰው። ሥራውን ከፈጸመ በኋላ በወረርሽኝ ሞተ፤ ከትርጕሙ አንዲት ገጽ እንኳ ታትማ አላየም። አራቱ ወንጌላት በ1824፥ ሐዲስ ኪዳን በ1829፥ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉው በ1840 በለንደን ታተመ። በካይሮ አልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ ለምን ታመምሁ ብሎ ጠይቆ ይሆናል፤ ማንም የመለሰለት ግን አይመስለኝም።

ወደ ክራፕፍ እንመለስ። በመጋቢት 1842 ከአውሮፓ የምትመጣውን እጮኛውን ሮዚነ ዲትሪሽን ለመቀበል ከአንኮበር ወደ ሰሜን ወጣ። በወሎ ሲያልፍ ከአገሩ ባላባቶች አንዱ ይዞ ያለውን ሁሉ ዘረፈው፤ እርሱም እንደ ለማኝ ሆኖ ምጽዋዕ ደረሰ፥ ከዚያም ወደ ግብፅ ወርዶ አገባ። ከሚስቱ ጋር ወደ ሸዋ ሊመለስ ወደ ባሕሩ ዳር በመጣ ጊዜ ግን የንጉሡ ደጅ ተዘግቶ አገኘው። በትግሬ በኩል ቢሞክር ደጃዝማች ውቤ አስወጡት። በዚህ መንከራተት መካከል በ1843 ሮዚነ በምጽዋዕ አቅራቢያ በበረሃ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኒቱም ወዲያው ሞተች። ወላጆቿ ያወጡላት ስም አማርኛ ነበረ፤ እንባ አሉአት። በኋላም የኢትዮጵያን ነገር ትተው በመርከብ ወደ ሞምባሳ ሄዱ። በዚያ በሐምሌ 1844 ሮዚነ ሌላ ሴት ልጅ ወልዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ በንዳድ ሞተች፥ ሕፃኒቱም ተከተለቻት።

ይህን ታሪክ የሚናገሩ ሰዎች እዚህ ሲደርሱ ይቸኵላሉ። የአንኮበር በር የተዘጋው የምሥራቅ አፍሪካ በር ይከፈት ዘንድ ነው ይላሉ። በእርግጥም በ1846 ክራፕፍ ከሬብማን ጋር በራባይ የሚስዮን ጣቢያ አቆመ፤ ሬብማን በ1848 የኪሊማንጃሮን፥ ክራፕፍም በ1849 የኬንያን ተራራ በረዶ አዩ፤ በአውሮፓ ያሉ ሊቃውንትም በምድር ወገብ በረዶ የለም ብለው ሳቁባቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን እግዚአብሔር እንባን የወሰዳት የበረዶ ተራራ ይታይ ዘንድ ነው የሚል ቃል በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም። በመቃብር አጠገብ ለቆመ ባልና አባት እንዲህ ብሎ መናገር ድፍረት ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ባሉ ጊዜ መልካም አደረጉ (ኢዮ. 2፥13)፤ የተሳሳቱት ምክንያቱን ማስረዳት በጀመሩ ጊዜ ነው። አንባቢ ሆይ፥ ልቅሶ ቤት የገባህ እንደ ሆነ ይህን አስብ።

ሌላም ነገር አለ። የተዘጋ በር ሁሉ በቀጥታ ከሰማይ የተዘጋ አይደለም። በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ ብዙ ስጦታ ይዞ ወደ ሸዋ መጣ፥ ከንጉሡም ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ፤ ክራፕፍም በዚህ ነገር ረዳው፥ የመንግሥታቱን ወዳጅነት ከልቡ ወድዶ ነበርና። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግን ከፈረንጆች ይበልጡን የሚሹት ጠመንጃና የእጅ ጥበብ ነበረ። የወንጌል መምህር ከመንግሥት መልእክተኛ ጋር በተዳበለ ጊዜ የአገሩ ሰዎች ሁለቱን እንደ አንድ ቢቈጥሩ ምን ያስደንቃል? እንግዲህ በሩን ከዘጉት እጆች አንዱ የራሱ የክራፕፍ እጅ እንደ ነበረ እፈርዳለሁ። ይህንም የምለው ሰውየውን ለማቃለል አይደለም። እግዚአብሔር የሚመራው ያልተሳሳቱትን ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚመራው ሰው ባላገኘ ነበር። ስለዚህ መንገድ ሲዘጋብህ አስቀድመህ፥ ይህን የዘጋሁት እኔ እሆንን? ብለህ ጠይቅ። አንተ ከሆንህ ንስሐ ግባ፥ የበደልኸውንም ካስ፤ አንተ ካልሆንህ በትዕግሥት ሌላውን መንገድ ፈልግ።

ክራፕፍ በሸዋ የተመኘው ነገር በእርሱ እጅ አልተፈጸመም። እርሱ ከአንኮበር ከወጣ ብዙ ዓመት በኋላ በኢሉባቦር የተወለደ አንድ የኦሮሞ ልጅ ተማርኮ ለባርነት ተሸጠ፤ በምጽዋዕም ነጻ ወጥቶ ወደ ስዊድን ሚስዮን ተማሪ ቤት ገባ። ይህ ሰው ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። ከባርነት ነጻ ከወጣች ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርቶ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ በኦሮምኛ በ1899 አሳተመ። ባርነትን የእግዚአብሔር አሳብ ነበረ አልልም፤ እንዲህ ማለት የሻጮቹን ኀጢአት በእግዚአብሔር ላይ መጣል ነውና። የዮሴፍ ወንድሞች ክፉ አሰቡ፥ ክፋታቸውም ክፋት ሆኖ ቀረ፤ እግዚአብሔር ግን በዚያው ውስጥ ለመልካም ይሠራ ነበር (ዘፍ. 50፥20)።

ይህ ሁሉ አዲስ ነገር አይደለም። ጳውሎስና ባልንጀሮቹ በእስያ ሊሰብኩ አሰቡ፥ ተከለከሉ፤ ወደ ቢታንያ ሊገቡ ሞከሩ፥ አሁንም ተከለከሉ (የሐ. ሥራ 16፥6–8)። ምክንያቱ በዚያ አልተጻፈም፤ ለእነርሱም የተነገራቸው አይመስልም። ጳውሎስ ግን ሁለት ጊዜ የተከለከለ ሰው ሆኖ በመንገድ አልተቀመጠም፤ የቀረውን መንገድ ሄደ፥ ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ጢሮአዳ እስኪደርስ ድረስ። ራእዩን ያየው በዚያ ነው። ይህን ደግሞ አስተውል፤ በራእይ ተመርቶ የገባባት ከተማ ፊልጵስዩስ የተቀበለችው በበትርና በወኅኒ ነው። እንግዲህ መከራ ያገኘው ሁሉ መንገድ ስቶአል የምንል ከሆነ ጳውሎስም መንገድ ስቶ ነበር ልንል ነው።

ስለ ጥበቃው ደግሞ ጥቂት ልናገር። ጌታችን ስለ ወፎችና ስለ ሜዳ አበቦች ያስተማረው ትምህርት (ማቴ. 6፥25–34) በጠገቡ ሰዎች አፍ ብዙ ጊዜ ይበላሻል። በ1888 የጀመረውን ክፉ ቀን ሽማግሎች ለልጆቻቸው፥ ልጆቻቸውም ለልጆቻቸው ተናግረዋል። የከብት በሽታ በሬዎችን ፈጀ፤ የሚጠምደው ያጣ ገበሬ ማሳውን ጦም አሳደረ፤ ዝናብ ጐደለ፥ አንበጣና ተምችም መጣ፤ እስከ 1892 ድረስ ቍጥር የሌለው ሕዝብ አለቀ። ከሞቱት መካከል ከእኔና ካንተ ይልቅ አጥብቀው የጸለዩ ነበሩ። እንግዲህ የጌታ ቃል፥ ያመነ ሰው አይራብም ማለት አይደለም። እርሱ ራሱ ተርቦ ነበር። ቃሉ፥ አባታችሁ የሚያስፈልጋችሁን ያውቃል፥ ስለዚህ ፍርሃት ጌታ አይሁንባችሁ፥ መንግሥቱንና ጽድቁን አስቀድማችሁ ፈልጉ የሚል ነው። ጽድቁን የሚፈልግ ሰው ደግሞ የጎረቤቱን ጓዳ ሳይጠይቅ አያድርም። በዚያ ክፉ ቀን ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቈፈሩ ይነገራል፤ በሬ የሌለው ሰው በእጁ መቈፈርን እንዳያፍርበት ነው። በ2021 መጨረሻም ጦርነት ወደ ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ፥ ከሰሜን የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች በደብረ ብርሃን ተጠለሉ፤ የከተማውም ሰዎች ካላቸው ምግብና ልብስ አካፈሉአቸው። ያን ጊዜ የእግዚአብሔር ጥበቃ ወዴት ነው? ብሎ ለሚጠይቅ፥ እንጀራ ይዛ የመጣችውን ሴት ከማሳየት የሚሻል መልስ አላውቅም።

በአገራችን መታመን የሚመስል ግን ያልሆነ ነገር አለና ከእርሱ ተጠንቀቅ። ሰነፉ፥ ያለው ይሆናል፥ ይላል። ያልተዘጋጀው ተማሪም፥ እግዚአብሔር ያውቃል፥ ይላል። ይህ ዕድልን ማምለክ ነው እንጂ በአባት መታመን አይደለም። የደብረ ብርሃን አካባቢ ገበሬ ውርጭ በአንድ ሌሊት ባቄላውን ሊያቃጥልበት እንደሚችል ያውቃል፤ ውርጩንም የሚከለክልበት ኀይል የለውም። ነገር ግን ስለ ውርጭ ብሎ ሳያርስ አይቀርም፥ ደግሞም ገብሱንና ባቄላውን ሁሉ ባንድ ማሳ አይዘራም። አርሶ፥ ዘርቶ፥ አርሞ፥ ማታ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። መታመን ማለት ይህን ይመስላል፤ መሥራት የሚገባውን ሠርቶ መተኛት።

ምናልባት አሁን በሁለት መንገድ መካከል ቆመህ ይሆናል። በአዲስ አበባ ሥራ ተገኝቶልህ በቤትህ ደግሞ ብቻዋን የምትቀር ያረጀች እናት አለችህ እንበል። አትሂድ ወይም ሂድ የሚል ቃል ከመጽሐፍ አላወጣልህም። ነገር ግን አንዱ መንገድ ሐሰትን ወይም ግፍን የሚጠይቅ ከሆነ ስለዚያ መጸለይ አያስፈልግህም፤ ተፈርዶአል። ሁለቱም ቅን ከሆኑ ደግሞ ጥበብን ከእግዚአብሔር ለምን (ያዕ. 1፥5)፤ የምትወደውን ብቻ የሚነግርህን ባልንጀራ ትተህ ሊገሥጽህ የሚችለውን ሽማግሌ ጠይቅ፤ እናትህንም ጠይቃት፤ ብዙ ሰው ስለ እናቱ ይመካከራል፥ ከእርስዋ ጋር ግን አይመካከርም። ለማኅተም አትቸኵል። ከዚያ በኋላ ወስን፥ የወሰንኸውንም፥ ጌታ ቢፈቅድ ብለህ አድርገው (ያዕ. 4፥13–15)፤ ቃሉን እንደ ልማድ ሳይሆን እርሱ ቢከለክልህ ለመመለስ እንደ ተዘጋጀ ሰው ተናገረው። ተሳስቼ እንደ ሆነስ? ትል ይሆናል። ትሳሳት ይሆናል። እስራኤልን በምድረ በዳ የመገበው መና የሚለቀመው የየዕለቱ ብቻ ነበረ፤ ለነገ ያስቀሩትም ተበላሸ (ዘጸ. 16፥19–21)። የነገ ስሕተትህ የሚሻው ምሕረትም ዛሬ በእጅህ አይሰጥህም።

ለዚህ ሳምንት የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ አንብብ። በመጀመሪያው ንባብ ጳውሎስ የተከለከለበትን፥ የተመራበትንና የታሰረበትን ስፍራ በወረቀት ላይ በተራ ጻፍ። በሁለተኛው ንባብ በእኩለ ሌሊት በወኅኒ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ሰዎች ምን ያደርጉ እንደ ነበረ ተመልከት፤ በዚያች ሰዓት የወኅኒው በር ገና እንደ ተዘጋ ነበረ።